ውሻዋ ለምን ተረፈች

ሽማግሌው የሞቱት ለዓመታት ሲንከባከቡት በኖሩት እርሾ ታፍነው ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬናቸው ከምድር ቤቱ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። ገለጥ አድርጋ አየቻቸው። ቁስል የለ፣ ደም የለ፣ ፊታቸው እንቅልፍ የወሰደው ሰው ፊት ነው። ይህች ሴት ደግሞ ሞት ሰላማዊ ሲመስል ነው ይበልጥ የሚጎረብጣት። ባልደረቦቿ «ወንፊቷ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ ሰው የነገራትን ሁሉ ትነፋና ከላይ የቀረውን ገለባ ታያለች።

ቤቱ ለውሻ ሆድ የሚሆን ዱቄት የሚሠራበት ነው። ከታች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ እርሾ በትልልቅ ገንዳዎች በስኳር አተላ ይራባል፤ ከላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በፓኬት ይታሸጋል። ምግቡ ላይ የተነሰነሰለት ውሻ ሆዱ ይረጋል ይላሉ የቤቱ ሰዎች፣ እርሾው በሕይወት እስካለ ድረስ። ሕይወት ያለው ነገር ግን ይተነፍሳል። የእርሾ ትንፋሽ በዓይን አይታይም፤ ከአየር ስለሚከብድ ሌሊቱን ወለሉ ላይ ተኝቶ ያድራል፣ እየሞላም ይሄዳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ገንዳ ሥር ጎንበስ ያለን ሰው ድምፅ ሳያሰማ ይወስደዋል።

ለዚህም ነው ጠዋት ጠዋት ደረጃው አናት ላይ ያለው ማብሪያ ተጭኖ፣ የታችኛው ማራገቢያ አየሩን ጠርጎ ሳያወጣ ማንም የማይወርደው። ማብሪያውን የምትጫነው የሽማግሌው አንድያ ልጅ ናት። አባትየው ጆሯቸው ከከዳቸው ስለቆየ ማራገቢያው ይሥራ አይሥራ አይሰሙም። ልጃቸውን አምነው ይወርዳሉ። በዚያ ጠዋት ማብሪያው ጠፍቶ ተገኘ።

«ተጭኜዋለሁ መሰለኝ» አለች ልጅቱ። ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ትጠመዝዛለች።

«መሰለኝ?»

«በየቀኑ የማደርገው ነገር ነው። እጄ ይሠራዋል፣ ልቤ አይመዘግበውም። ልጄን ትምህርት ቤት ለማድረስ ተጣድፌ ነበር። ባለቤቴ ማንም ሰው ይረሳል ይለኛል። አጎቴ ግን ዓይኔን ማየት አልቻለም።» ቀና አለች። «እርስዎ እውነቱን ይንገሩኝ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አለች ወንፊቷ። ለማጽናናት ብላ መዋሸት አትወድም። ግን ልጅቱ አንጀቷን በላቻት። ይህን ጥያቄ ሳትመልስ ከዚህ ቤት እንደማትወጣ ለራሷ ቃል ገባች።

አስከሬኑን ያወጣው የገንዳዎቹ ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅምና አናተ ትልቅ በመሆኑ ሁሉም «ጭልፋ» ይሉታል።

«ሆዴ ባትጮህ ኖሮ እስካሁንም አላውቅም ነበር» አለ።

«ሆዴ ማናት?»

«የጋሼ ውሻ ናት። ከቡችላነቷ ጀምሮ ሆዷ አልረጋም፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ዱቄቱም የተጀመረው ለእሷ ሲባል ነው። ግቢ ውስጥ አተላ ስረከብ ጩኸቷን ሰምቼ መጣሁ። ማሸጊያው ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት በሩን ትቧጭራለች። ስከፍትላት በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ሮጠች። አንገቷን ይዤ መለስኳትና ትንፋሼን ውጬ ወረድኩ።»

«ጠዋት ጠዋት ማሸጊያው ክፍል ትዘጋለች?»

«ኧረ በጭራሽ። ከጋሼ እግር ሥር አትጠፋም። እሳቸው ሲወርዱ ትወርዳለች፣ ገንዳው ሥር ስለሚሞቅ እዚያ ትተኛለች። ምግቧን እንኳ የምታገኘው አብረው ሲወጡ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ማን ዘጋባት?»

ጭልፋ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ አይደለሁም።»

ልጅቱም አልዘጋሁም አለች። የሟቹ ወንድም ሽያጩን የሚመራ ወፍራም ሰው ነው። ጥያቄው ሲቀርብለት ገና አፉን ሳይከፍት ውሻዋ ወደ ክፍሉ ገባች። ሰውየው ሁለት እግሩን አንስቶ ወንበሩ ላይ ሰቀለ፤ ግንባሩ በላብ ወረዛ።

«ያስወጡልኝ እባክዎ። ሕፃን ሆኜ ነክሶኝ ነው።»

«የውሻ መድኃኒት እየሸጡ ውሻ ይፈራሉ?»

«ጫማ ሻጭ ሁሉ ይራገጣል እንዴ?» አለ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ረስታ ነው። ወንድሜን በመርሳት ገደለችው። አልጠላትም፤ ግን ሳያት ወንድሜ ይታየኛል።»

በመጨረሻ የልጅቱ ባል መጣ። የውሻ ሐኪም ነው፤ እያንዳንዱ ፓኬት ላይ ታትሞ ፈገግ የሚለው ፊት የእሱ ነው። ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ፣ ገና በማለዳ ወደ ክሊኒኩ ሄዶ እንደነበርና ተደውሎለት እንደመጣ ነገራት። አነጋገሩ የለዘበ፣ ሐዘኑም ለከት ያለው ነው። እሱ ሲናገር ወንፊቷ ከኪሷ ብስኩት አውጥታ እግሯ ሥር ለተጋደመችው ሆዴ ዘረጋች።

«ባይሰጧት ይሻላል» አለ ሐኪሙ። «ጠዋት በልታለች። ሲደረብባት ሆዷ ይረበሻል።»

«ጥሩ ሐኪም ነዎት» አለችና ብስኩቱን ራሷ በላችው።

ከዚያ ማሸጊያው ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። መጋረጃው ወርዷል፣ ማሞቂያው እንደበራ ነው፣ የእርሾው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። በሩ ላይ የጥፍር ጭረት አለ፤ አንዳንዱ ደም ነክቶታል። አንዲት ውሻ ይህን ስትቧጭር፣ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ የማይሰማ ሰው ወደ ሞቱ ሲወርድ ታያት። ከጆንያዎቹ ጀርባ አንድ ሳህን አገኘች። ግማሽ የተበላ ገንፎ አለበት፣ ላዩ ለጥ ያለ። ጭልፋን ጠራችው።

«ዱቄቱ አለበት?»

አሸተተው። «አለበት። ያለ ዱቄቱ ሽታ ሆዴ ምግብ አትነካም።» ከዚያ ሳህኑን አዘነበለና ፊቱ ተለወጠ። «ግን ይሄ አልተነሳም። በዚህ ሙቀት፣ እርሾው በሕይወት ቢኖር ከሳህኑ ገንፍሎ ይፈስ ነበር። የጋሼ አይደለም።»

«የጋሼ ማለት?»

«ሰሞኑን የሆዴን ዱቄት ለብቻው በቆርቆሮ ያስቀምጡ ነበር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። ቆርቆሮው መኖሩንም የሳጥኑ ቁልፍ የት እንዳለም የምናውቀው እሳቸው፣ ልጃቸውና እኔ ነን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የፓኬቱን አላመኑትም። ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ የማድረቂያው ሙቀት ከፍ ከተደረገ ወዲህ እርሾው እየተቃጠለ ነው ይሉ ነበር።»

«ከፍ ያደረገው ማነው?»

«ከላይ ነው የታዘዘው። አጎትየውም ሐኪሙም አሉበት።»

ከሰዓት በኋላ አራቱንም እዚያው ማሸጊያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ለብ ያለ የስኳር ውሃ የያዙ ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ። አንዱ ላይ ከቆርቆሮው፣ ሌላው ላይ ከፓኬቱ ዱቄት ጨምራለች። የቆርቆሮው አረፋ አውጥቶ በጠርዙ ፈስሷል። የፓኬቱ ዝም ብሏል።

«ሞቱ ድንገተኛ ቢሆን ወይ ሁለት ሬሳ፣ ወይ የውሻዋን ብቻ ነበር የምናገኘው» ብላ ጀመረች። «ትንፋሹ ወለል ላይ ይተኛል። የውሻ አፍንጫ ደግሞ ከሰው ጉልበት በታች ነው። ሆዴ ቀድማ መውደቅ ነበረባት፤ ሽማግሌውም ወይ ሊያነሷት ጎንበስ ሲሉ አብረዋት ይቀሩ፣ ወይ እሷን አይተው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ የጠየቅኩት ሰውየው ለምን ሞቱ ብዬ ሳይሆን ውሻዋ ለምን ተረፈች ብዬ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ አስገብቶ ስለዘጋባት። ያ ሰው ምድር ቤቱ ዛሬ እንደሚገድል ያውቅ ነበር።»

ወደ ሁለቱ ብርጭቆዎች ዞረች።

«ሆዴ ከጌታዋ የምትለየው ለምግብ ነው፣ ያውም ዱቄቱ ለሸተተው። ልጃቸው ወይም ጭልፋ ቢሆኑ እጃቸው ወደ ቆርቆሮው ይሄድ ነበር። ሳህኑ ውስጥ ያለው ግን ከፓኬቱ የተነሰነሰ የሞተ እርሾ ነው። ቆርቆሮ መኖሩን የማያውቅ ሰው የሠራው ነው።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለ አጎትየው፣ እየፈራ።

«እርስዎ ውሻ ሲያዩ እግሬ አውጪኝ ነው። በዚህ ጠባብ ክፍል አጉርሰው አይወጡም።» ዞረች። «ዶክተር፣ ሆዴ ጠዋት እንደበላች ማን ነገረዎት?»

ሐኪሙ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሁልጊዜ ጠዋት ነው የምትበላው።»

«ከሽማግሌው ጋር ስትወጣ» አለ ጭልፋ ቀስ ብሎ። «ዛሬ አልወጡም።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለች ወንፊቷ። «ከክሊኒክ ተጠርቶ የመጣ ሰው ይህን አያውቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የዘጉባት ሽማግሌውን እንዳታስጠነቅቃቸው ነው ወይስ እንዳትሞት?»

ሐኪሙ የፓኬቶቹን ክምር፣ በየፓኬቱ ላይ የሚስቀውን የራሱን ፊት አየ።

«እንዳትሞት» አለ። «ከቡችላነቷ እኔ ነኝ ያከምኳት። ምንም አላጠፋችም። እሳቸው የፓኬቱ እርሾ የሞተ መሆኑን ለደንበኛው ሁሉ ሊናገሩ ነበር። ባለቤቶቻቸው በዱቄቱ ተማምነው ሳያሳክሟቸው የሞቱ ቡችሎች አሉ፣ ተጠያቂውም አንተ ነህ አሉኝ። ሙቀቱን ከፍ ያስደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ማን ውሻውን ያመጣልኛል?»

ሚስቱ ስትሰማ ቆይታ ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ተጠጋች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ትመታዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ማራገቢያውን ረሳሁ ብዬ መሬት ላይ ስንከባለል፣ ጀርባዬን የምታሻሸኝ አንተ ነበርክ» አለችው። «ለውሻዋ አዘንክላት። ለእኔስ?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ፤ አጎትየውም ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ልጅቱ ግን አላለቀሰችም። ወንፊቷ ኮቷን ስትለብስ መጥታ እጅጌዋን ያዘች።

«ታዲያ ማብሪያው? ምናልባት እኔም ረስቼ፣ እሱ ጠፍቶ አግኝቶት ቢሆንስ?»

«ሰው የሚስቱን መርሳት ተስፋ አድርጎ ገንፎ አይሠራም፣ ውሻም አይዘጋም» አለች ወንፊቷ። «አንቺ እንደማትረሺ ስለሚያውቅ ነው እንደወጣሽ፣ አየሩ ሳይጠረግ፣ ሊያጠፋው የመጣው። ተጭነሽዋል።»

ልጅቱ እጅጌውን አልለቀቀችም።

«እንደገና ይንገሩኝ።»

«ተጭነሽዋል፣ ልጄ።»