ከእግር በታች ያለችው ስንዝር

ታላቁ ጦርነት አራተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ፤ ዝናቡ አቁሞ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፤ በአንድ ማክሰኞ ጧት ያ ገዳይ ሳል ከወታደሮቹ ጋር አብሮ ወደ ከተማው ገባ። ለወታደሮቹ መለከት ተነፋላቸው፤ ለሳሉ ግን የሚነፋለት አልነበረምና ማንም ሳያየው በየቤቱ ተከፋፍሎ ገባ። በዐሥረኛው ቀን ለሞተ ሁሉ ደወል መደወሉ ቀረ፤ ደዋዩ ራሱ ታሞ ነበር፤ ደህና ቢሆን ኖሮስ እጁ የቱን ያህል ይችል ነበር?

ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባ፤ ከመቃብሩ በር አጠገብ፤ መስኮቷ አንድ፤ ጠረጴዛዋ ረጅም የሆነ፤ ግድግዳዋ በኖራ የተቀባ ክፍል ነበረች። እዚያ የምትሠራው ሴት ባሏ በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት የሞተባት ልብስ ሰፊ ስትሆን፤ ከተማው ሁሉ «ሰፊዋ» ብቻ ይላታል። ሙያዋ ከፈን መስፋት ነው። በዚህ ሥራ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ይህን እሷም ታውቀዋለች፤ ማወቋንም ለመደበቅ ብዙ አትደክምም ነበር።

የሥራዋ ሕግ አጭር ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ሬሳውን ከራስ ቅሉ እስከ ተረከዙ በክር ይለካል፤ ክሩንም ቆርጦ ለሰፊዋ ያመጣል። እሷ ክሩን በጨርቁ ላይ ዘርግታ ከራስ በላይ አንድ ስንዝር፤ ከእግር በታች አንድ ስንዝር ትጨምራለች፤ ጨርቁ በራስጌና በግርጌ የሚታሰረው በእነዚህ ሁለት ስንዝሮች ነው። መቀሱን ከማንሳቷ በፊት «ስሙ ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ስሙን ጠርታ አባታችን ሆይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትደግማለች። ከዚያ በኋላ ክሩን ከበሩ ጀርባ ባለው ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ቸኩሎ የመጣ ሰው እንኳ ያን ጸሎት ሲሰማ ይረጋጋ ነበር፤ «እሷ ስትጸልይ ከፊቷ የቆመ ሰው የምታናግር ትመስላለች» ይሏታል።

ጨርቅ ከየሱቁ በጠፋበት በዚያ ወራት፤ የጦሩ ግምጃ ቤት አዛዥ የነበሩት ሻለቃ ሃያ ጣቃ አቡጀዲ ለሙታን ይሁን ብለው ሰጡ። ያስረከቧትም ራሳቸው መጥተው ነው።

«እመቤቴ፤ ሕያዋኑን ማልበስ አቅቶናል፤» አሏት ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው። «ሙታኑን እንኳ ራቁታቸውን አንቅበር። ጨርቁን ለእርስዎ አምኜ ሰጥቻለሁ።»

«ጌታዬ፤ አንዲት ስንዝር አትባክንም፤» አለቻቸው። ያን ጊዜ እውነቷን ነበር።

ሰፊዋ አንዲት ልጅ አለቻት። ስትወለድ በአንድ እጅ የምትያዝ ስለ ነበረች ሚጢጢ ተባለች፤ አሁን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷን በአንድ ራስ ትበልጣለች፤ ስሟ ግን አብሯት አላደገም። ለአንድ አናጢ ታጭታ ሠርጉ ሳሉ እስኪያልፍ ተላልፏል። ነጭ ቀሚስ ግን ከየት ይምጣ?

«በግራጫው አገባለሁ፤» ትላለች ሚጢጢ። «እሱ የሚያገባው እኔን እንጂ ቀሚሴን ነው እንዴ?»

«ዝም በይ። ግራጫ ለብሰሽ ካየሁሽ እሞታለሁ።»

«እንግዲያው አትሙቺ፤ ነጭ ጨርቅ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው፤ ማን ይሰፋልሻል?»

ሳቁ። ሰፊዋ ግን በልቧ አልሳቀችም። እሷ ራሷ ስታገባ የለበሰችው የተዋሰችውን ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ባለቤቲቱ መጥታ በር ላይ ቆማ አስወልቃታለች። ያ ነገር በውስጧ ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ ተቀምጦ ነበር።

የመጀመሪያዋ ስንዝር ስሕተት ነበረች። በአንድ ቀትር ዐሥራ አንድ ክሮች በአንድ ጊዜ መጡባት፤ ቸኩላ የእግሩን ስንዝር ሳትጨምር ቆረጠች። ስታየው ደነገጠች፤ ልትቀጥለው ስትል ግን ሬሳ ተሸካሚዎቹ በሩ ላይ ቆመው ይጣሩ ነበርና እንዲሁ ሰጠቻቸው። ቀኑን ሙሉ ሰው መጥቶ እስኪወቅሳት ጠበቀች፤ ማንም አልመጣም። ማታ ጠረጴዛዋን ስታጸዳ ያች የተረፈችው ስንዝር በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጭ፤ ንጹሕ፤ የማንም ያልሆነች።

ሁለተኛዋ ስሕተት አልነበረችም።

እውነቱን እንናገር ካልን ሻለቃውን ብትጠይቃቸው ይፈቅዱላት ይሆን ነበር። የጠየቀ ሰው ግን እንቢ ሊባል ይችላል፤ ዝም ብሎ የወሰደን እንቢ የሚለው የለም። ሰፊዋ ዝምታን መረጠች። ከአንዳንዱ ከፈን ግርጌ አንድ ስንዝር እያስቀረች በትራሷ ልብስ ውስጥ ታጭቅ ጀመር፤ ሌሊትም ራሷን የምታሳርፈው በዚያው ላይ ነበር።

ጸሎቷም አብሮ ማጠር ጀመረ። መጀመሪያ ያስቀረችው ስለ ፈተና የሚለውን ቦታ ነው፤ እዚያ ስትደርስ መቀሱ አስቀድሞ እጇ ላይ ይገኛልና ዘልላው ታልፋለች። ከሳምንት በኋላ ስለ በደል የሚለውንም ዘለለች። ከዚያም የሟቹን ስም መጠየቅ ተወች፤ ስሙን ካወቀችው እግሩንም የምታውቀው ይመስላት ጀመር። ለሰዎች «ሥራ በዝቶ ነው» አለቻቸው፤ ሥራም በእርግጥ በዝቶ ነበር፤ ጥሩ ሰበብ ማለት እውነት የሆነ ሰበብ ነው።

መቃብር ቆፋሪው ሰውዬ ዶማው ይባላል። በሰው ሐዘን ላይ ባይሆንም በራሱ ላይ መቀለድ የሚወድ ነው። አንድ ጧት ጭቃውን በሩ ላይ አራግፎ ገባ።

«እትዬ፤ የዘንድሮ ሙታን ምን ነክቷቸው ነው የሚረዝሙት?»

«እንዴት?» አለች ሰፊዋ ቀና ሳትል።

«ግርጌያቸው አይታሰርልኝም። በሲባጎ ነው የማስራቸው፤ እግራቸው ብቅ ይላል። ቢያንስ ከሞቱ በኋላ ማደጉን ቢተዉት ምን አለ? ጉድጓዱን የምቆፍረው እኔ ነኝ።»

ሚጢጢ ከመስኮቱ ሥር ቁልፍ እየተከለች ነበር። «ሰማይ ሩቅ ሆኖባቸው እየተንጠራሩ ይሆናላ፤» አለችና ሁለቱም ሳቁ።

«አቡጀዲ ነው፤» አለች ሰፊዋ። «እርጥበት ሲነካው ይሰበሰባል።»

ዶማው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ደረቅ ጨርቅ አየ፤ እሷን አየ፤ «ይሆናል» ብሎ ወጣ። በሩን ሲዘጋው ከጀርባው የተሰቀሉት ክሮች ሁሉ ተወዛወዙ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ክሮቹ አላስቀመጧትም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግድግዳውን ሲያሻሹት ባዶ እግራቸውን የሚጎትቱ ሰዎች ይመስላሉ። ልትጥላቸውም አትችልም፤ ግምጃ ቤቱ የጨርቁን ወጪ የሚቆጣጠረው ክሮቹን ቆጥሮ ነው። ጠረጴዛውን አዙራ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች፤ ይህ ደግሞ ባሰ፤ ቀድሞ የምታያቸው ነበሩ፤ አሁን እነሱ የሚያዩዋት ሆኑ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ከፊቷ የተንበረከኩት ሰዎች የውስጥ እግራቸውን ወደ ኋላ አዙረዋል፤ ረድፍ በረድፍ፤ ሁሉም ወደ እሷ። ዓይኗን ጨፈነች። ዓይኗን ጨፍና ያየችውም እግር ነበር።

ሳሉ በገባ በዐርባኛው ቀን ገደማ ሽማግሌው ቄስ፤ እሷንና ባሏን ያጋቡ፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ክፍሏ መጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፤ ጸሎትሽ አጠረ አሉኝ።»

«ሥራ በዝቶ ነው አባ።»

«ሥራ ሲበዛብሽማ ታረዝሚው ነበር። ምን ሆነሻል?»

እጇ ቆመ። ሁሉን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት ግን ከስንዝሮቹ የምትሰፋው የሚጢጢ የሠርግ ቀሚስ ትዝ አላት፤ ሠላሳ ሦስት ስንዝር ተሰፍቶ የቀረው የግራ እጅጌው ጫፍ ብቻ ነው። ዛሬ ብትናገር ሁሉም ይፈርሳል።

«የምነግርዎ ነገር አለኝ አባ። ይህ ሳል ይለፍና ቁጭ ብዬ እነግርዎታለሁ።»

«ለምን ዛሬ አይሆንም? እኔ እንደ ሆንኩ ቁጭ ብያለሁ።»

«ትንሽ ቀርቶኛል።»

ስለ ሥራዋ የምትናገር መሰላቸው። «እሺ፤ እጠብቅሻለሁ፤» ብለው ተነሡ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፊዋ ስንዝር አላስቀረችም ነበር፤ በስምንተኛው ቀን ዲያቆኑ እያለቀሰ አንድ ክር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አጭር ክር ነበር፤ ቄሱ ድሮም ቁመታቸው ትንሽ ነው። ሰፊዋ ስሙን አልጠየቀችም። ክሩን ዘረጋች፤ ከራስ በላይ ስንዝር ጨመረች፤ ከእግር በታችም ስንዝሯን ለክታ በጠመኔ አሰመረች። መስመሩን ብዙ ጊዜ አየችው። «ከእርሳቸውስ አልወስድም» አለች በልቧ፤ ይህን እያለች ግን መቀሱ ከመስመሩ በላይ ገብቶ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት ጊዜ የሄደበትን መንገድ እጇ ከእሷ ይልቅ ያውቀዋል። ልትጸልይ ሞከረች። ከፊቱ ምንም ሳይኖር «አሜን» ብቻ ወጣላት።

በማግሥቱ ዶማው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አልቀለደም።

«አባም ረዘሙ፤» አለ፤ ሄደ።

ሳሉ እንዳመጣጡ ሳይሰናበት ሄደ፤ ጦርነቱም አለቀ፤ ሚጢጢ ተዳረች። መቅሠፍት የጠበቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ባፈረ ነበር፤ በሠርጉ ቀን ፀሐይ ወጣች፤ እንግዳው ሁሉ ስለ ቀሚሱ አወራ፤ ሰፊዋን ያልመረቀ አልነበረም። ጧት ግን፤ ቀሚሱን ስታለብሳት፤ ሚጢጢ ደረቷ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ በጣቷ ዳሰሰች፤ ወረድ ብላ ሌላ አገኘች፤ ከዚያም ሌላ። እጇን ዘርግታ ከአንዱ ስፌት እስከ ሌላው ለካች፤ ለስፌቱ ወደ ውስጥ የታጠፈችው አንድ ጣት ስትጨመርበት ልክ አንድ ስንዝር ነው። እናቷን አየቻት። ያች ቃል የማያልቅባት ልጅ ምንም አላለችም።

ሰፊዋ ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖረች። ቤተ ክርስቲያን አልቀረችም፤ ሲቆሙ ትቆማለች፤ ሲንበረከኩ ትንበረከካለች፤ ለአዲሱ ቄስ ኃጢአቷን ስትናገር ሐሜቷን፤ ቁጣዋን፤ ስንፍናዋን ሁሉ ትዘረዝራለች፤ ያችን አንዲቱን ግን ትዘልላለች፤ መዝለል ለምዳለችና። ጸሎቷ ጫፉ እንዳልተቋጠረ ክር ሆነባት፤ ስታስገባው ይገባል፤ ስትስበው ተንሸራቶ ይወጣል፤ ጨርቁ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ከፊቷ ቆሞ ይሰማት የነበረው አልሄደም ይሆናል፤ ቀና ብላ ማየት የተወችው ግን እሷ ናት።

ስትታመም ሚጢጢ ልጆቿን ለባሏ ትታ መጥታ አስታመመቻት። በአንድ ቀትር ሰፊዋ ዓይኗን ገለጠች።

«ሚጢጢ፤ የእኔን ከፈን ስትቆርጪ ከእግር በታች ያለችውን ስንዝር አትጨምሪልኝ።»

«ለምን እንደሆነ አውቃለሁ እማዬ።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«በሠርጌ ቀን በእጄ ለካሁት። የዶማውም ቀልድ ያን ጊዜ ገባኝ።»

ሰፊዋ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። «ታዲያ ለምን ለበስሽው?»

«አንቺን በሰው ፊት ላዋርድሽ? ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ዝም ማለት እንደማልችል እያወቅሽ ዐሥራ ስምንት ዓመት አስቻልሽኝ።»

እናቲቱ ልትስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያም ሁሉን ተናገረች፤ በስሕተት ከቀረችው የመጀመሪያዋ ስንዝር ጀምሮ። «የግራ እጅጌው ጫፍ የአባ ናት፤» አለች በመጨረሻ። «እጠብቅሻለሁ ብለውኝ ነበር።» ልጇ እጇን ይዛ አባታችን ሆይን አብረው ጀመሩ። ሰፊዋ ስለ በደል የሚለውን አለችው፤ ስለ ፈተና የሚለው ቦታ ስትደርስም አልዘለለችም፤ ቀስ ብላ፤ ቃሉን አንድ በአንድ አለችው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሚጢጢ ብቻዋን ጨረሰችው።

ሚጢጢ እናቷን በክር ለካች። ከራስ በላይ ስንዝር ጨመረች፤ ከእግር በታችም ስንዝሯን አላስቀረችም። ቀሚሱን ከሣጥን አውጥታ የግራ እጅጌውን ጫፍ ተረተረችና በከፈኑ ግርጌ ቀጠለችው፤ ሁለት ስንዝር ሆነ።

ያረጀው ዶማው ሲያስር ቀና ብሎ አያት። «እቴ፤ ይኼ በዛ።»

«አንዷ የእሷ አይደለችም፤» አለችው። «ለአባ ራሷ ታድርስላቸው።»

የዚያ ዘመን መዝገብ ዛሬም አለ። ስለ ጦርነቱ ብዙ ገጽ፤ ስለ ሳሉ አንድ ገጽ ተጽፎበታል፤ በዚያ ገጽ ግርጌም «አንዲት ልብስ ሰፊ ሁለት መቶ ዐርባ ሙታንን በታማኝነት አለበሰች፤ ጨርቁም ለሁሉ በቃ» የሚል ቃል ይገኛል። ጸሐፊው አልዋሸም፤ ጨርቁ በእርግጥ በቅቷል። ክሮቹን ቆጥሮ ጻፈ፤ ክር ደግሞ ሰውን የሚለካው ከራሱ እስከ ተረከዙ ነው፤ ከዚያ በታች ስላለችው ስንዝር በገጹ ላይ የተተወ ቦታ የለም።