ጣሪያውን ጠርጌ እመጣለሁ

ቀበሮው ስድስት ቅዳሜ ቀርቶ በሰባተኛው መጣ።

ቺዙሩ ሳምንቱን ሙሉ በጃፓኗ ከተማ ኦዳዋራ በሚገኝ ፋብሪካ የዓሣ ሊጥ ስታሽግ ትከርምና ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ኮምፒውተር የምናብ ዓለም የሚያስገባውን መነጽሯን አጥልቃ ሽርጥ የታጠቀች ድብ ትሆናለች። እሱ ጆሮው የተቀደደ ቀበሮ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ የምናብ ቤት ትልቁ መስታወት ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እዚያ ሰው የሚተያየው በመስታወቱ ውስጥ ነው። እሷን ሚካን ይላታል፣ መንደሪን እንደ ማለት። እሱን ሞቺ ትለዋለች፣ ያው የሩዝ ቂጣ። ከቆዳው ውስጥ ያለውን ሰው ስሙንና አገሩን መጠየቅ ነውር ነው፤ የጠየቀ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም ጨዋ ነበሩ።

የምታውቀው ጥቂት ነው። በብርዱ ወራት ከበስተጀርባው በረዶ የሚዝቅ አካፋ ይሰማል፤ የሰሜን ሰው መሆን አለበት። ሲያፍር ደግሞ ድምፁን ዘግቶ ቁጢጥ ይላል።

በመጨረሻው ቅዳሜ በመስታወቱ ውስጥ እያያት፣ «አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ» አላት።

«ጠይቀኛ።»

«ዛሬ አይሆንም። ሰኞ የጣሪያውን በረዶ ልጥረግና ቅዳሜ ደፈር ብዬ እመጣለሁ።»

«ከእኔና ከጣሪያው ማንኛችን ነን የምናስፈራህ?»

«ጣሪያው እንኳ መሰላል አለው» አላት።

ከዚያ ወዲያ በወዳጆቿ ዝርዝር ላይ ስሙ እንዳልገባ ሰው ግራጫ እንደሆነ ቀረ። ቺዙሩ አንድ ቀን ፖሊስ ጋ ልትደውል ስልኩን አነሣች፤ «ሞቺ የሚባል ቀበሮ ጠፋብኝ» ማለት እንዳለባት ሲገባት መልሳ አስቀመጠችው።

በሰባተኛው ቅዳሜ ስሙ አረንጓዴ በራ። ቀበሮው ጉልበቱን አጥፎ፣ ድምፁን ዘግቶ ገባ። መስታወቱን ትቶ በቀጥታ እሷን አያት።

«በረዶው ቀልጦ አበባ ወጣ እኮ፤ ጣሪያህ የቤተ መንግሥት ነው እንዴ?» አለችው።

ቀበሮው ከቁጢጡ ሳይነሣ ወደ እሷ ቀረብ አለ።

«ተወው፣ እንደምታፍር አውቃለሁ። እኔ ልናገር።» ስድስት ቅዳሜ የተለማመደችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላት አለ። «እወድሃለሁ። ነውር ከሆነም ይሁን፣ ስምህን ንገረኝ። በባቡር እመጣለሁ።»

ቀበሮው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ቀና አለና ደግሞ ነሣ።

ሞቺ በሁለት ዓመት ውስጥ ለማንም እጅ ነሥቶ አያውቅም። ቀበሮው በመዳፉ አየሩን ሲዳብስ ቆየ፤ በመጨረሻ ከአፉ የአሮጊት ድምፅ ወጣ።

«ድምፁን ለመክፈት የቱ ጋ እንደሚጫን አላውቀውም ነበር ልጄ። ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ እንዳልሆነም ገብቶኛል። እናቱ ነኝ።»

መነጽሩ በልጃቸው ቁመት የተለካ ነው፤ እሳቸው አጭር ስለሆኑ ነበር ቀበሮው ቁጢጥ ያለው። የዚያን ሰኞ በረዶው ከጣሪያው ሲናድ ልጁንም ይዞት ወረደ። ይህን የአየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነገሯት። ነገ ከሞተ አርባ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። እንደ እምነታቸው እስከዚያ ነፍሱ ከቤቱ ጣሪያ አትርቅም።

«አሁንም እዚያው ጣሪያው ላይ ነው» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስቅህ ማን ናት ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ስሟን ገና አልጠየቅኳትም፤ በዚህ ሳምንት እጠይቃታለሁ› አለኝ። እሱ ስላልቻለ እኔ ልጠይቅሽ መጣሁ።»

ድቧ ከመስታወቱ ዞራ ቀበሮውን ፊት ለፊት አየችው።

«ቺዙሩ እባላለሁ። ሆሶያ ቺዙሩ» አለች። «እሱስ?»

«ኮሳኩ።»

አሮጊቷ ስሟን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፣ ገበያ የተላከ ሰው እንዳይረሳ በመንገድ ላይ እንደሚያደርገው። አመስግነው መነጽሩን አወለቁ፤ መዝጋቱን ግን አላወቁበትም። ቀበሮው አንገቱን ደፍቶ መስታወቱ ፊት ቀረ፤ ድምፁም ክፍት ነበር። አይታው ከማታውቀው ቤት ምንጣፍ ላይ የሚሄድ ቀስ ያለ እርምጃ ተሰማት፤ የሚንሸራተት በር፤ ከዚያ የቤቱ የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ትንሿ ደወል አንድ ጊዜ ስትመታ።

«ኮሳኩ» አለ ድምፁ ከወደ ውስጥ፤ «ቺዙሩ ትባላለች።»