ጭስ የማይታይበት ጣራ

ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መምህርት ደብሪቱ ከትምህርት ቤት ተመለሰችና፣ ጠመኔ ያነጣውን እጇን ጠራርጋ እንደ ልማዷ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረች። ወደ አገሩ ከተመለሰ የውጭ ባለሙያ የገዛችው ይህ የብረት ምድጃ በአንገቱ ውስጥ የማር ሰፈፍ የመሰለ የሸክላ ወንፊት አለው፤ ወንፊቱ ሲግል ጭሱን አቃጥሎ ስለሚያስቀረው አልጋ ላይ የዋሉት እናቷ «ጭስ በሊታው» ይሉታል።

በመንዝ ብርድ ጎረቤት ማለዳ ተነሥቶ የጎረቤቱን ጣራ ያያል፤ ጭስ ያጣ እንደሆነ ታመው ይሆን፣ ሞተው ይሆን ብሎ በር ያንኳኳል። ምድጃው የገባ ሰሞን እትዬ ውዴነሽ በየማለዳው ነጠላቸውን እየጎተቱ ይሮጡ ነበር። ኋላ ግን ለመዱት።

«አንቺ ደብሪቱ!» አሉ ዛሬ ከአጥሩ ወዲያ። «ቤትሽ ገና አሁን የሰው ቤት መሰለ፤ ጭስ ወጣው እኮ!»

«ወንፊቱ አርጅቶ ነው፣ እትዬ ውዴነሽ። መቀየር አለበት።»

«እኛስ አርጅተን የለም? ማን ቀየረን!»

ደብሪቱ ለመሳቅ እንኳ አቅም አጣች። ባለሙያው ምልክቱን ነግሯት ነበር፦ እሳቱ እየነደደ ወንፊቱ ካልቀላ፣ የምድጃው በር መስተዋት ጥላሸት ከለበሰ፣ ጣራው ላይ ጭስ ከታየ፣ ውሎ ማደር የለም። አዲሱ ወንፊት በጥጥ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። እሱን ለመግጠም ግን እሳቱ ጠፍቶ ብረቱ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የእናቷ ደረት ደግሞ የአንድ ሌሊት ብርድ አይችልም።

«እሳቱን እንዳታጠፊብኝ፣ ልጄ።»

«ነገ፣ እማዬ። ዛሬ ደክሞኛል።»

ነፋስ እንዳይገባ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈች፤ በሩንም ከውስጥ ቀረቀረች። መስተዋቱ ጠቁሮ ከበስተጀርባው ቀይ ነገር ዐይን እንደሚጨፍን ሰው ይከስም ይፈካ ጀመር፤ ቤቱን የዛገ ብረት የመሰለ ሽታ ሞላው፤ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥም የታፈነ፣ ረጅም ድምፅ ተሰማ፣ ጆሮዋን ጥላ ስታዳምጠው ከእናቷ ትንፋሽ ጋር እኩል የሚገባና እኩል የሚወጣ። ራሷን አመማት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስንት ወር እንቅልፍ የነሣት ያ የእናቷ ሳል ቀጥ አለ። «ተመስገን፣ ተኛችልኝ» አለችና ጥቂት ልታርፍ አልጋው ጠርዝ ላይ ጋደም አለች። ቱቦውም ዝም አለ።

ማለዳ ደጅ ቆማ ነበር። መቼ እንደወጣች አላስታወሰችም፤ ድካሙ ግን ለቋት ነበር፣ ውርጩም አልበረዳትም። ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ ጭስ የለም። ወንፊቱ ራሱን አጽድቶ መሰላትና ለእናቷ ልትነግራቸው በሩን ገፋች። አልከፈት አላት። ማታ ራሷ እንደቀረቀረችው፣ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

እትዬ ውዴነሽ እንስራ አዝለው በግቢው ሲያቋርጡ ቆም ብለው ወደ ጣራው አንጋጠጡ።

«እሰይ! ጭስ በሊታው ዳነላቸው» አሉ ለራሳቸው።

«እትዬ ውዴነሽ፣ እባክዎ በሩን ያንኳኩልን» አለች ደብሪቱ ከፊታቸው ቆማ፤ እሳቸው ግን ውርጩ ላይ የራሳቸውን ዱካ ብቻ ጥለው በአጠገቧ አለፉ።