ይቁጠሩ

«ይሄ የወንድ ጌም ነው» አለችና የአምስት ዓመቷ ኮከቤ ታብሌቱን ገፋ አደረገችው።

ሹክሪያ ክው አለች። አራት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ የለፋችበት ጌም ነው! አንዲት ግመል ከቦኬ ገበያ ተነስታ ጭሮ ከተማ ትገባለች፤ ልጆቹ ድንች እየቆጠሩ ይጭኑላታል፤ ቁጥሩ ልክ ከሆነ አንገቷን እየወዘወዘች ትሄዳለች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሠራችው ቢባል ማን ያምናል? ዛሬ ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት ወይዘሮ እቴነሽ፣ ልጆቹ ከወደዱት ለስድስቱም ታብሌቶች ሊገዙ ነው። የመጀመሪያ ደንበኛዋ ናቸው።

«ለምን የወንድ ሆነ፣ የኔ ቆንጆ?»

«‹ቁጠር› ይላላ! እኔ ወንድ ነኝ እንዴ?»

ሹክሪያ እንደገና ከፈተችው። ወፈር ያለ ደስተኛ ድምፅ «ና ግባ! ድንቹን ቁጠር!» አለ። እውነትም! መቶ ጊዜ ሰምታው አንድ ቀን እንኳ ጆሮዋን አልቆረቆራትም። እንዴትስ ይቆርቁራት? የድምፁ ባለቤት አባቷ ሙሜ ነው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ነው የሚያወራው፤ አማርኛ ሲናገር ለሴት ልጅም ለወንድ ልጅም «አንተ» ነው። እሷንም ከልጅነቷ ጀምሮ «ሹክሪያ፣ መጣህ?» እያለ ነው ያሳደጋት።

ወይዘሮ እቴነሽ ሳቁ። «ጌሙስ አሪፍ ነው። ድምፁን ግን አማርኛ የሚችል ሰው ያንብበው እንጂ! ከየት ያመጣሽው ነው?»

የሹክሪያ ፊት ጋለ። «ከኢንተርኔት... ያገኘሁት ነው።»

«እንግዲያው ምን ችግር አለ? ነገ ነይና እኔ ራሴ አነብልሻለሁ። ያኔ እገዛዋለሁ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሹክሪያ ገበያ ወዳለው የአባቷ የድንች መደብ መንገዱን ሁሉ በራሷ እየተናደደች ሄደች። አባቷ ድምፁን በቀዳችበት ዕለት አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ነበር የመጣው። «አባ፣ ለድምፅ ሸሚዝ ምን ያደርጋል?» ብትለው፣ «ልጆች ይሰሙኝ የለ?» ነበር ያላት። ከዚያ ወዲህ በጌሙ ያልተኩራራበት የገበያ ሰው የለም። አሁን ድምፅህ ተጣለ ብላ ልትነግረው ነው?

ሙሜ ከድንች ክምሩ ኋላ ሆኖ ከሩቅ አያት።

«ሹክሪያ፣ መጣህ? ወሰዱት?»

«ገና ነው፣ አባ። ድምፁ... ሴቶቹንም አንተ ይላቸዋል።»

ሙሜ ከት ብሎ ሳቀ። «ወላሂ፣ በኦሮምኛ ቢሆን ‹ለካኢ› ብዬ እገላገል ነበር፤ ቁጠርም ቁጠሪም አንድ ነው። ሴት ወንድ እያለ የሚያለፋን አማርኛ ነው!» ወዲያው ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ታዲያ ሌላ ሰው ያንብበው?»

በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ይምረጡ፣ እማማ!» አለ ሙሜ። እሳቸው ሳይሄዱ አንድ ሽማግሌ መጡ። «ይምረጡ፣ አባባ!»

ሹክሪያ ብድግ አለች። ለሴትም ይምረጡ፣ ለወንድም ይምረጡ!

«አባ! ለገዢ እንደምትለው በላቸው! ይግቡ፣ ይቁጠሩ!»

«ለአምስት ዓመት ሕፃን አንቱ?»

«ደንበኞቻችን አይደሉ እንዴ?»

ሙሜ አሰብ አደረገ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈ። ሹክሪያ ስልኳን አወጣች።

በማግስቱ ኮከቤ ታብሌቱን በጥርጣሬ ተቀበለች።

«እንኳን ደህና መጡ! ይግቡ! ድንቹን ይቁጠሩ!»

ኮከቤ ግራ ቀኟን አየች። «እኔን ነው?» ቀስ ብላ አንድ፣ ሁለት እያለች ሰባት ድንች ጫነች።

«እሰይ! ጎበዝ ነዎት!»

«አንቱ አለኝ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ታብሌቱን ከእጇ ማን ያስለቅቃት? ወንዶቹም «እኔንም አንቱ ይበለኝ!» እያሉ ተጋፉ።

ወይዘሮ እቴነሽ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «በቃ ገዝቼዋለሁ። መሰላ ወረዳ መዋዕለ ሕፃናት ላላት እህቴም እነግራታለሁ። ይሄ ደግሞ ምን የመሰለ ድምፅ ነው! እሱም ከኢንተርኔት ነው?»

«ትናንት ዋሽቼዎት ነበር» አለች ሹክሪያ። በኩራት ቀና አለች። «የትናንቱም የዛሬውም አባቴ ነው።»

ከዚያ ወደ ስድስቱ ታብሌቶች ከመጫኗ በፊት የጌሙን የመጀመሪያ ገጽ ከፈተች። የራሷ ስም ብቻ ነበር ያለበት። ከሥሩ «ድምፅ፦ ሙሜ፣ የድንች ነጋዴ» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና ከራሷ ስም በላይ አደረገችው።