ባዶ ቱቦ

ሞተሩ ሲጮኽ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን ያዘ፤ አባቷ ሲቀር። አባቷ ፈገግ አለ።

መደርደሪያው ላይ የዘይት ጣሳዎቹ ተንቀጠቀጡ። ቡሎን ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ይህ ስም የወጣላት ሕፃን ሳለች መሬት ላይ ያገኘችውን ቡሎን ሁሉ ኪሷ እየከተተች ስታስቸግር ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷትም አልለቀቃት። ቦታዋን በዘፈቀደ አልመረጠችም። ከደንበኛ ጀርባ፣ ከአባቷ ፊት ለፊት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁልጊዜ እዚያው ነች።

ሥራዋ ይህ ነው፦ አባቷ ነዳጅ ይሰጥና ቀና ብሎ ያያታል። ድምፁ ልክ ከሆነ አውራ ጣቷን ቀና ታደርጋለች፤ የሚንኳኳ ወይም የሚያፈተልክ ነገር ካለ ታጥፋለች። ስታጥፍ እሱ ጎንበስ ይልና መዳፉን በየመጋጠሚያው እየዘረጋ፣ ሾልኮ የሚወጣውን ትንፋሽ በቆዳው ይፈልጋል። ከዚያ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ያዳመጠ ይመስልና «እዚህ ጋ ነው» ይላል። ደንበኛውም በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። አባቷን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። ከመንገድ ማዶ የሚያልፍ ሞተር ሰምቶ ሕመሙን ይናገር ነበር። ድሮ።

እንደማይሰማ ነግሯት አያውቅም። እሷም ማወቋን ነግራው አታውቅም። አንድ ቀን ከኋላው ደጋግማ ጠርታው ዝም አላት፤ በማግስቱ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ጣቷም በራሱ ጊዜ ሥራ ጀመረ። ሆድ ይፍጀው ተባለ፤ ሆድ እየፈጀውም ዓመት አለፈ።

የዛሬዋ ደንበኛ ሲስተር ናቸው፤ አዋላጅ። የሚነዱት ትልቅ ጥቁር ክሩዘር ሞተር ብስክሌት ነው፤ ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው እንደ ሶፋ የሰፋ፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ የተዘረጋ። ከፋብሪካ የመጣው ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ዝጎ ስለተበሳ ሌላ ሊያስገጥሙ መጥተዋል። የሚፈልጉትንም ገና ሲገቡ ለአባቷ ፊት ለፊት ነግረውታል፦ ድምፁ ወፍራም ይሁን፣ ባለመኪናው መንገድ ላይ ይስማኝ፤ ግን ምጥ ሰዓት አይመርጥም፣ በሌሊት ስወጣ ግቢው አብሮኝ አይነሳ። የተከራዩበት ቤት ባለቤት አስጠንቅቋቸዋል። ሌላ አንድ ሌሊት ከቀሰቀሱት፣ ወይ ሞተሩን ወይ ቤቱን መምረጥ ሊኖርባቸው ነው።

አባቷ መጀመሪያ የሞከረው ውስጡ ድምፅ የሚውጥ ወንፊት ያለውን ማርሚታ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ከሆድ የሚወጣ ጉርምርምታ አሰማ፤ ቡሎን እስከ ጫማዋ ሶል ድረስ ተሰማት፤ ወደደችው። አባቷ ግን አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ፊቱን አድርቆ ቆየና «ይሄ ሞቷል» ብሎ ፈታው። ሁለተኛው ይኸው አሁን የሚጮኸው ነው። ባዶ ቱቦ። ውስጡ ምንም የለበትም፤ በአንዱ ጫፍ ብታይ በሌላው ፀሐይ ታያለህ።

ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች። ሰሞኑን እዚህ የገባ ክሩዘር ሁሉ ባዶ ቱቦ ተገጥሞለት ነው የወጣው። ጎረምሶቹ ወደዱት፣ ሰፈሩ ተራገመ፣ ምክንያቱን የጠየቀ ግን የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አባቷ የሚሰማው እሱን ብቻ ነው። ለእሱ የተሰማው ጥሩ ነው፤ ያልተሰማው ሞቷል።

«አልበዛም?» አሉ ሲስተር፣ ሞተሩ ሲጠፋ።

አባቷ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ይወለውላል። አልመለሰም። ሲስተር ደግመው ጠየቁ። የቡሎን ታላቅ ወንድም ከጋራዡ ዕቃ መሸጫ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ተሽቀዳደመ።

«ሲስተር፣ ጆሮ አይሳሳትም። ይለመዳል።»

«እኔስ እለምደዋለሁ። አከራዬ ነው የማይለምደው።»

ወንድሟ ቡሎንን በዓይኑ ፈለጋትና የራሱን አውራ ጣት ቀና አድርጎ አሳያት። እሱም ያውቃል። ባለፈው ብቻቸውን ሲሆኑ ልትነግረው ብትሞክር አስቀድሞ አፏን አዘጋት። ጆሮ ጆሮ የለውም ከተባለ ማን ሞተሩን ይዞ ይመጣል? ይህ ቤት በምን ይኖራል? «አንቺ ጩጬ፣ ጣትሽን ብቻ አንሺ። ሙድ አታበላሺ» ነበር ያላት።

አባቷ ሞተሩን አስነስቶ ቀና ብሎ አያት። ነዳጅ ሰጠ። ቱቦው ጮኸ፤ ነዳጁን ሲለቀው ደግሞ እንደ ጥይት ተንጣጣ። ጣቷን ጠበቀ።

አንድ ጣት ምን ይከብዳል? ሲስተር ግን በዚህች ጣት የተነሳ ከነጓዛቸው መንገድ ላይ ሊወጡ ነው። ደግሞስ ይህን ሥራ ማን ሰጣት? ማንም «እሺ ትያለሽ ወይ?» አላላትም። ወንድሟ በመስኮት ያዛል፣ አባቷ በዓይኑ ይጠብቃል፣ ውሸቱን የሚሸከመው የእሷ ጣት ነው።

ሁለቱንም እጆቿን ኪሷ ከተተች።

አባቷ ቅንድቡን ሰቀለ። ነዳጅ ጨመረ። ቡሎን ከግድግዳው ተላቀቀች፣ ሄደችና ቁልፉን አጠፋችው። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ሳትቸኩል ተናገረች።

«አባዬ፣ ይሄ ለሲስተር አይሆንም። በጣም ይጮኻል፣ ሲለቀቅ ይንጣጣል። ልኩ የመጀመሪያው ነው።»

«አንቺ ምን አገባሽ?» አለ አባቷ። «እዚህ ቤት ጆሮ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ከአምና ጀምሮ እኔ ነኝ።»

አባቷ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ደንበኛዋን፣ መጨረሻ ላይ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ። ሲስተር የራስ ቁራቸውን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩና ወደ አባቷ ፊት ዞረው፣ በጎላ አፍ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

«ስገባ ከኋላህ ሆኜ ሰላም ብዬህ ነበር፤ ዝም ስትለኝ ገብቶኛል። ጆሮው የማንም ይሁን፣ እኔ ግድ የለኝም። የኔን ማርሚታ የሰማው ሰው ይግጠምልኝ።»

አባቷ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ወጥቶ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሰሞኑን ጨዋታ የሚዘጋው እንዲህ ነው፤ ጀርባውን ከሰጠ ለማን ይወራል?

«ደስ አለሽ?» አለ ወንድሟ።

ቱቦው ቢያቃጥልም እስኪበርድ አልጠበቀችም፤ ጓንት አጠለቀችና መፍቻውን አነሳች። አንደኛው ቡሎን እንቢ አለ፤ በእግሯ ገፍታ አስለቀቀችው። ባዶውን ቱቦ ግድግዳው ሥር ጣለችው፤ ሲስተር ዘለው እግራቸውን አተረፉ። ወንፊት ያለውን ገጠመች፣ አጠበቀች፣ ሞተሩን አስነስታ ማንም ሳያዛት መዳፏን በየመጋጠሚያው ዘርግታ ትንፋሽ ፈለገች። ምንም የለም። ሞተሩ ከሆዱ ያጉረመርማል። ሲስተር ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

አባቷ አልዞረም።

ቡሎን ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ዞራ መንገዱ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያይበት፣ ፊት ለፊቱ ቆመች። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ያየው እጇን ነው። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው።

«አፌን እይ» አለችው፤ እስኪያይም ቆመች።