ስንት ዓይን ይገባዋል?

«እሺ አስካለማርያም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ልጁ መሄድ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?»

አስተማሪው አቶ ኃይለ ገብርኤል ይህን ሲጠይቁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አስካለማርያም ተነሣች።

የሚከራከሩበት ልብ ወለድ ስለ አንድ ወጣት ሰዓሊ ነው። ልጁ ከየኔታው ጋር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስል ቆይቶ፣ ሥራው ገና ግማሽ ሳይደርስ፣ ስም ለማግኘት ሲል በአንድ የገበያ ቀን ሹልክ ብሎ ከተማ ይገባል። እዚያም ይሞላለታል፤ ስዕሎቹ በየባለጸጋው ሳሎን ይሰቀላሉ። ሽማግሌው የኔታ ግን ግድግዳውን ሳይጨርሱ ያርፋሉ።

ወርቅአገኘሁ ልጁን አራዳ ብሎ አሞግሶታል። እዚህ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ከብርድ ጋር ከመታገል ይሻላል ብሎም ክፍሉን አስቋል። ባፈና በበኩሏ ያጎረሰውን እጅ የነከሰ ነው ብላ ድርቅ አለች።

«እኔ... መጽሐፉን ገና አልጨረስኩትም» አለች አስካለማርያም። ውሸቷን ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

አቶ ኃይለ ገብርኤል ትንሽ አይተዋት ተቀመጪ አሏት። ሲወጡ ግን በር ላይ ጠብቀው፣ የአዲስ አበባው የስዕል ትምህርት ቤት ማመልከቻ በአባቷ ተፈርሞ ሰኞ ጠዋት ካልደረሳቸው ዕድሉ እንደሚያመልጣት አስታወሷት። ወረቀቱ ደብተሯ ውስጥ ከገባ ሳምንት አልፎታል።

አባቷ መሪጌታ ገብረአብ ለኅዳር ሚካኤል አንኮበር መድረስ ያለበት ስዕል ይዘዋል። በአቡጀዴ ላይ ተሥሎ ኋላ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ነው። ክንፉ፣ ሰይፉ፣ ቀሚሱ ሁሉ አልቋል፤ የመልአኩ ፊት ግን ዓይን የለውም። ምክንያቱን ከአባትና ከልጅ በቀር ማንም አያውቀውም። መሪጌታ ቅርባቸው ያለ ነገር ከደበዘዘባቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰፊ ሰፊውን እሳቸው ይቀባሉ፤ ዓይን የምትስለው አስካለማርያም ናት። የደብሩ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ሥራውን በማግስቱ ለሌላ ይሰጡታል።

እንግዲህ እሷ ከሄደች ዓይኑን ማን ይስላል? ሳምንቱን ሙሉ ሲያስጨንቃት የከረመው ይህ ነው። ከዚህ የባሰ ሌላ ሐሳብም ነበራት። አባቷ ፊደሉ ስለማይታያቸው፣ የትምህርት ቤት ወረቀት ነው ካለቻቸው ምንም ላይ ይፈርማሉ። በሐሳቡ አፍራለች፤ ሐሳቡ ግን በማፈሯ የሚለቃት ዓይነት አልነበረም።

ከትምህርት ቤት ቤቷ ስትመለስ ብሩሿን አንሥታ የመልአኩን ቀኝ ዓይን ጀመረች። መሪጌታ ቀለም እየፈጩ ክርክሩ እንዴት እንደነበረ ጠየቋት። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብባላቸው ስለነበር ታሪኩን ያውቁታል። የሁለቱንም ወገን ነገረቻቸው፤ የራሷን መልስ ግን ዘለለችው። በወርቅአገኘሁ ነገር ሳቁ።

«አንቺስ ያን ልጅ ብትስዪው ስንት ዓይን ትሰጪዋለሽ?» አሉ።

በእነሱ ሙያ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉ ሰው ደግሞ ከጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። በሚካኤል እግር ሥር የተጋደመው ሰይጣን እንኳ ባለ አንድ ዓይን ነው።

የአስካለማርያም እጅ ቆመ። አንድ ብትል በራሷ መፍረዷ ነው። ሁለት ብትል ደግሞ አባቷ የልቧን የሚያውቁባት መሰላት።

«አላውቅም አባባ።»

«ሲሄድ ለየኔታው ነግሯቸው ነበር?»

«አልነገራቸውም። እሺ አይሉኝም ብሎ ነው።»

«ታዲያ እሺ እንደማይሉት በምን አወቀ?»

ብሩሿን መልሳ ወደ ስዕሉ አስጠጋች። መሪጌታም ወደ ቀለማቸው ተመለሱ። እሷ ሁለቱንም ዓይኖች እስክትጨርስ ድረስ ጥያቄው ጆሮዋ ላይ ቆየ። ያም ሆኖ እሺ አይሉኝም የሚለው ፍርሃት በለጠባት። እጇን ታጥባ ወረቀቱን ከደብተሯ አወጣችና አባቷ ፊት ሳንቃው ላይ ዘረጋችው።

«የትምህርት ቤት ወረቀት ነው አባባ። ይፈርሙልኝ።»

መሪጌታ የምን ወረቀት ነው ብለው አልጠየቁም። እጃቸውን በጨርቅ ጠራርገው ብዕሩን ተቀበሏት።

«የቱ ጋ ነው? ጣቴን ምሪልኝ።»

ሰማያዊ ቀለም የነከረውን ጣታቸውን ይዛ ባዶው መስመር ላይ አሳረፈችው። አባቷ ጣታቸውን ሳያነሡ ብዕሩን አስጠጉ። እንዲህ ሲያምኗት ማየቱን አልቻለችውም።

ወረቀቱን ከብዕሩ ሥር ሳበችው።

«ይቆዩ አባባ» አለች። «መጀመሪያ ላንብብልዎ።»

መሪጌታ ብዕሩን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መለሱ። እሷም ከላይኛው መስመር ጀመረች።