ዘጠኝ ደቂቃ የፈጀው ሠርግ

ቀጭ! አለ ከግንቡ ወዲያ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ቀጭ!

መርማሪዋ የበሩን ደወል ሦስት ጊዜ ተጭናዋለች፤ ደወሉ ግን ትንፍሽ አላለም። መልስ የሚሰጣት ያ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ሰው የሞተበት ቤት ነው ተብላ ነው የመጣችው፤ ጥፍሩን የሚቆርጥ ሰው ቤት የደረሰች መሰላት። ሲሰለቻት በሩን በጡጫዋ ደበደበችው።

የከፈተላት ቀድሟት የመጣው ፖሊስ ነው።

«ደወሉ አይሠራም እንዴ?»

«ኧረ ይሠራል! አሥር ሰዓት ላይ እኔው ራሴ ደውዬ ነው የገባሁት፤ ላይ ቤት ድረስ ነው ያስተጋባው።»

ሰዓቷን አየች፤ አሥራ አንድ ይላል። ከዚያ ገባች። መሥሪያ ቤት ውስጥ «መርፌ» ነው የሚሏት፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም።

ሟቹ አዛውንት ጡረታ የወጡ ካርታ ሠሪ ናቸው። ምድር ቤት ባለው የሥራ ክፍላቸው፣ መደገፊያ ባለው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ የኢንተርኔቱ ራውተርና አንድ ጥቁር የኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጫ ሳጥን አረንጓዴ መብራት ያርገበግባሉ።

«ቤተሰቡ ልባቸው ነው አሉኝ» አለ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም። «ልብ ግን ከንፈር ላይ የትራስ ክር አይተውም። ታፍነው ነው። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው ጊዜ።»

ቀጭ!

ከክፍሉ በር ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ ወፍራም ሰው ቁጢጥ ብሎ ከግድግዳው የወጣ የኔትወርክ ገመድ በፒንሳ ይቆርጣል። የሟቹ ልጅ ባል ነው፤ ኤሌክትሪሻን።

«ምን እየሠሩ ነው ጌታዬ?» አለችው።

«ላይ ቤት የሚሄደውን መስመር ነው። ቀርፋፋ ነው እያሉ ሲሰድቡኝ ነው የከረሙት። አሁን ደግሞ ለለቅሶ ሰው ሊመጣ ነው፣ ከምሰደብ ብዬ…»

«አስከሬን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው?»

«እጄ ሥራ ካልያዘ አይሆንልኝም እኔ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ ተቆርጦ የወደቀውን የገመድ ራስ አነሳች፤ ጥፍር የምታህል፣ ውስጧ የሚታይ ፕላስቲክ ናት። ወደ መስኮቱ አቅንታ አየቻትና በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻት።

«ፒንሳውን ያስቀምጡት። ከዚህ በኋላ ቀጭ የሚል ነገር ከሰማሁ ጣትዎ ይሁን።»

ሳሎን ውስጥ የሟቹ ሴት ልጅ እጇን አጣምራ ቆማለች። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ሰውን ሁሉ አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ ነው የምታየው።

«ታፍኖ ከሆነ ገዳይዋ ያቻትና!» አለች። ጥግ ላይ፣ ከፖሊሱ አጠገብ፣ የአዛውንቱ አስታማሚ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒት የሰጠችው እሷ፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ሞቶ አገኘሁት ያለችው እሷ! በመሃሉ የት ነበርሽ ስትባል፣ ጓሮ አንሶላ ሳጥብ! ማን አየሽ? ማንም! እኔ ኩሽና ሆኜ ከመምህራኖቼ ጋር በስልክ ነበርኩ። ባሌ ጣሪያ ላይ ታንከር ሲያጥብ ጎረቤት አይቶታል። ወንድሜ ላይ ቤት ሥራው ላይ ነበር።»

«ሁሉን አሰናድተው ነው የጠበቁኝ። እኔ ታዲያ ለምን ተጠራሁ?»

«እትዬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጋሼን…» ብላ ጀመረች አስታማሚዋ።

«ዝም በይ አንቺ!»

ፖሊሱ ካቴናውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌላ ነገር ካልተገኘ ሴትዮዋን ጣቢያ ይዟት ሊሄድ ነው። እዚያ ከገባች ደግሞ ማን ዘወር ብሎ ያያታል? ቤቱ ውስጥ ስሟን የጠራ ሰው እንኳ የለም።

የሟቹ ወንድ ልጅ ሶፋው ላይ ተንጋሏል። የሠርግ ፊልም ያቀናብራል፤ አርባ ዓመቱ ነው፤ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጓል።

«እኔ እንኳ ማስረጃዬ በእጄ ነው» አለና ላፕቶፑን አዞረላት። «የቀረጽኩትን ሁሉ ምድር ቤት ባለው ሳጥን ነው የማስቀምጠው። ይኸው ሳጥኑ ራሱ መዝግቦታል። የዛሬው ሠርግ፣ ስልሳ ጊጋ። ዘጠኝ ከአሥር ጀመረ፣ ዘጠኝ ከአሥራ ዘጠኝ አለቀ። ላይ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ነው የላክሁት። ከምሳ ወዲህ ምድር ቤት አልረገጥኩም።»

«በዋይፋይ ነው?»

«አባባ ዋይፋይ ራሴን ያዞረኛል ብሎ ካጠፋው ቆየ። በገመድ ነው። ያውም በዚያ በብሎን ገመድ!» ብሎን ያለው የእህቱን ባል ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሟቹ ናቸው።

«ቀርፋፋ ነው አሉ?»

«ምኑን ትጠይቂኛለሽ! ሙሽሮቹ ሦስተኛ ልጃቸውን ሲወልዱ ነው ፊልሙ ምድር ቤት የሚደርሰው።»

እህቱ ሳታስበው ሳቀች። መርማሪዋ አልሳቀችም። የሳጥኑን መዝገብ ወደ ኋላ እየገፋች ብዙ አነበበች። ከዚያ ላይ ቤት ወጣች። የልጁን ጠረጴዛ አየች፣ ከግድግዳው የሚወጣውን አንድ ገመድ አየች፣ ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለውን የደወል ሳጥን አየች። ወርዳ ሁሉም ሳሎን እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ነበር።

የገመዱን ራስ ከኪሷ አውጥታ ለኤሌክትሪሻኑ ሰጠችው።

«አንድ የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስንት ሽቦ አለ?»

«ስምንት።»

«እዚህ ራስ ውስጥስ?»

«አራት።»

«የቀሩት?»

«ደወሉ ላይ ናቸው… የበሩ ደወል ላይ። የሚጮኸው ላይ ቤት ነዋ! ግድግዳ ሁለት ጊዜ ከምበሳ ብዬ በዚያው ገመድ አሳለፍኩት። ኢንተርኔት በአራትም ይሄዳል!»

«ይሄዳል፣ እያነከሰ። ስምንቱ ቢሟሉለት አሥር እጥፍ በፈጠነ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የኢንተርኔት ኩባንያው ነው አላልከኝም?» ብላ ሚስቱ አፈጠጠችበት።

«እሱን በኋላ ይጠይቁታል» አለቻት መርማሪዋ። «መዝገቡን አየሁት። በሁለት ዓመት ሠላሳ አንድ ሠርግ ከዚህ ላፕቶፕ ወደ ሳጥኑ ሄዷል። ስልሳ ጊጋ የሚሆነው ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጅቷል። የዛሬው ብቻ ዘጠኝ ደቂቃ።»

ልጁ መነጽሩን አወለቀ።

«ጠግኖታላ! ፒንሳ ይዞ አላየሽውም? ጠዋት ነው የጠገነው። አይደል ወንድሜ?»

ወንድሜ ሲባል የመጀመሪያው ነው። ኤሌክትሪሻኑ ሚስቱን አየ፤ አስታማሚዋን አየ። አንዲት «አዎ» የሁለት ዓመት ስድብ ታጥብለታለች። የእርሱን ሀፍረት ተሸክማ እስር ቤት የምትገባው ሌላ ሰው ናት።

«እህ… ጠዋት እንግዲህ…»

«ሳይዋሹ በፊት ይስሙኝ!» መርማሪዋ ፊቷን አጨማደደች፤ የበሰበሰ ነገር የሸተታት ትመስላለች። «ፖሊሱ አሥር ሰዓት ላይ ሲመጣ ደወሉ ጮኋል። እኔ አሥራ አንድ ላይ ስጫነው ዝም ብሏል። እርስዎ ገመዱን የቆረጡት በመሃል ነው፤ ሰውየው ከሞቱ በኋላ። እስከ አሥር ሰዓት አራቱ ሽቦ ለደወሉ፣ አራቱ ለኢንተርኔቱ ነበር። እውነት ነው ውሸት?»

«እውነት ነው» አለ ኤሌክትሪሻኑ።

«ስለዚህ ዘጠኝ ከአሥር ላይ የላይ ቤቱ መስመር ያው ቀርፋፋው ነው። ላፕቶፑ በዘጠኝ ደቂቃ የጨረሰው ሌላ ቦታ ተሰክቶ ነው። በዚህ ቤት ሌላ መሰኪያ ያለው ራውተሩ ላይ ብቻ ነው።» ወደ ልጁ ዞረች። «ራውተሩ ደግሞ ከአባትህ ወንበር ኋላ ነው። ከምሳ ወዲህ አልረገጥኩትም ያልከው ክፍል።»

ልጁ የመነጽሩን ክንዶች አጠፈ።

«ቸኩዬ ነበር» አለ። «አንድ ሰዓት ተኩል መጠበቅ አልቻልኩም። ወርጄ ገመዱን ስሰካ ሳቀ። ‹አርባ ዓመትህ፣ ዛሬም ከእግሬ ሥር ትርመሰመሳለህ› አለኝ። ሁልጊዜ ነው የሚስቀው። ትራሱን ዝም እንዲል ብዬ ነው…»

«ዝም አሉ። አንተም ሠርጉ አልቆ እስኪገባ ቁጭ ብለህ ጠበቅህ።»

ልጁ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ስምንቱን አስሬው ቢሆን…» አለ ኤሌክትሪሻኑ ለራሱ።

«ላይ ቤት ሆኖ ይልከው ነበር። ይህችን ለራስዎ ይያዟት።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ከአስታማሚዋ አጠገብ ተነሳና ወደ ሶፋው ሄደ። ዳይሬክተሯ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። ወንድሟን ማየት ስላልቻለች ወደ ጥጉ ዞረች።

«አንቺ… ማለቴ… እህቴ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ? ተደናግጬ እኮ ነው። ነገ ሰው ይመጣል፤ ብቻዬን ምን ልሁን?»

አስታማሚዋ ተነሳች። የቀሚሷን ጠርዝ አስተካከለች፣ በሁሉም ፊት ቀስ ብላ አለፈች።

«የት ነው? ኧረ የት ነው የምትሄጅው?»

ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ወጣች።